ከ78ቱ የተረፈው ባቡር

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የእንፋሎት ባቡር ነው። ስሙ ፍላይንግ ስኮትስማን ይባላል፤ የሚበርረው ስኮትላንዳዊ እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ዶንካስተር ከተማ ውስጥ ተሠርቶ በ1923 ሥራ ጀመረ። መቶ ዓመቱን ከደፈነ በኋላም በድንጋይ ከሰልና በውሃ መንገደኛ ጭኖ ሲጓዝ ታይቷል። የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

የእሱ ዓይነት ባቡሮች 78 ነበሩ። 77ቱ በየብረት ማቅለጫው አልቀዋል። በዓለም ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ታዲያ ከዚያ ሁሉ መካከል ይህ አንዱ እንዴት ተረፈ? ብዙ ሰው የሚገምተው ከሁሉ ፈጣን ስለነበረ ነው ብሎ ነው። አይደለም። የእንፋሎት ባቡር የፍጥነት ክብረ ወሰን የያዘው ፍላይንግ ስኮትስማንን የነደፈው መሐንዲስ ሌላ ሥራ፣ ማላርድ ነው፤ ጁላይ 3 ቀን 1938 በሰዓት 126 ማይል፣ ማለትም 203 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጧል። ከሁሉ የበለጠ ጉልበት ስለነበረውም አይደለም። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ፍላይንግ ስኮትስማን የተረፈው ሰዎች አንለቀውም ስላሉ ነው። ከእነዚያ ሰዎች ሁለቱ በዚህ ምክንያት ያላቸውን ሁሉ አጥተዋል። የዛሬው ንግግሬም ከብረቱ ይልቅ ወደ እነሱ ያዘነብላል።

ግን ከልደቱ ልጀምር። በ1923 መባቻ በብሪታንያ ከመቶ የሚበልጡ የባቡር ኩባንያዎች በሕግ ተዋሕደው አራት ትልልቅ ኩባንያዎች ሆኑ። ከአራቱ አንዱ የለንደንና ሰሜን ምሥራቅ ምድር ባቡር ነበር። ዋና መሐንዲሱ ናይጀል ግሬዝሊ ይባላል። አዲሱ ኩባንያ ተመሥርቶ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 1923፣ ቁጥር 1472 የተባለ ባቡር ከዶንካስተር ወርክሾፕ ወጣ። ወጪው 7,944 ፓውንድ ነበር። ስም እንኳ ገና አልነበረውም። ስሙን ያገኘው በማግስቱ ዓመት ነው፤ ከ1862 ጀምሮ በየቀኑ ከጠዋቱ በ4 ሰዓት ከለንደን ወደ ኤዲንብራ የሚነሣ የታወቀ ጉዞ ነበርና የዚያ ጉዞ ስም ተሰጠው። ቁጥሩም 4472 ሆነ። በዚያው በ1924 በዌምብሌይ በተከፈተው ታላቅ የብሪታንያ ግዛት ኤግዚቢሽን ላይ፣ እንደ አረንጓዴ ፖም ደማቅ ቀለም ተቀብቶ ለሕዝብ ቀረበ። ያዩት ሰዎች እጅግ ብዙ ነበሩ። ከመካከላቸው አንድ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ስለ እሱ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ ይህን ሳንረዳ ኋላ የምናነሣው የጥገና ጣጣ አይገባንም። ነጂው ከሚቆምበት ፊት ለፊት የእሳት ክፍል አለ። እዚያ የሚነደው የድንጋይ ከሰል ትኩስ ጋዝ፣ ውሃ በሞላበት ረጅም ቦይለር ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች እያለፈ ውሃውን ያፈላል። እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ይታመቃል። ክዳኑ ላይ ድንጋይ የተጫነበት ድስት ሲፈላ ምን እንደሚሆን አስቡት። ነጂው መቆጣጠሪያውን ሲከፍት የታመቀው እንፋሎት ወደ ሲሊንደሮቹ ገብቶ ፒስተኖቹን ይገፋል፤ ፒስተኖቹ ደግሞ በብረት ክንዶች ጎማዎቹን ያዞራሉ። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ተስፈንጥሮ ሲወጣ ጭሱን አብሮ ጎትቶ ያወጣል፤ በጭሱ ቦታ ንጹሕ አየር ወደ እሳቱ ይገባል። ስለዚህ ባቡሩ በበረታ ቁጥር እሳቱም ይበረታል፤ ማሽኑ ራሱ እሳቱን ያራግባል ማለት ነው። ከሩቅ የምንሰማው ያ የተቆራረጠ የትንፋሽ ድምፅ ይህ ነው። እኔ የሰው ልጅ ከሠራቸው ማሽኖች ውስጥ ይህን ያህል ውስጡን በግልጽ የሚናገር ሌላ አላውቅም።

ግሬዝሊ በዚህ አሠራር ላይ ሰፊ የእሳት ክፍልና ሦስት ሲሊንደር ጨመረበት፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ ሦስተኛው በመሐል። ስድስቱ ዋና ጎማዎች እያንዳንዳቸው ከ2 ሜትር የሚበልጥ ስፋት አላቸው፤ ረጅም ሰው አጠገባቸው ሲቆም ከላያቸው አያይም። ባቡሩ ከሰልና ውሃ የሚጭነውን ተጎታች ሳይጨምር 97 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ነጂውና እሳት አንዳጁ። አንዳጁ በሚወዛወዝ ወለል ላይ ቆሞ በአንድ ጉዞ በቶን የሚቆጠር ከሰል በአካፋ ይወረውራል። መወርወር ብቻ አይደለም፤ የቱ ጥግ እንደሳሳ፣ የቱ እንደወፈረ በዓይኑ ለይቶ እኩል ማልበስ አለበት። ዳገት ከመድረሱ በፊት እንፋሎቱን ማዘጋጀት አለበት። ዳገቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ቢያስብ ረፍዶበታል።

እዚህ ላይ ለግሬዝሊ ክብር ሲባል መነሣት ያለበት ነገር አለ። በ1925 ከተፎካካሪው የምዕራብ ኩባንያ ጋር ባቡር ተለዋውጠው በየሐዲዳቸው ሞከሩ። የምዕራቡ ባቡር ፔንደኒስ ካስል በመጠኑ አነስ ያለ ሲሆን፣ በግሬዝሊ ሐዲድ ላይ በአነስተኛ ከሰል ሥራውን ተወጣ። ግሬዝሊ አልተቆጣም፤ አልካደም። የእንፋሎት ማስገቢያውን አሠራር አሻሻለ፤ የቦይለሩንም ግፊት ከፍ አደረገ። የኋለኛው ዝናው ሁሉ ከዚያ ትምህርት የበቀለ ነው። ፔንደኒስ ካስል የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ ተመልሶ ይመጣል።

ሜይ 1 ቀን 1928 ፍላይንግ ስኮትስማን ከለንደን ተነሥቶ 392 ማይል፣ ማለትም 631 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንድም ጊዜ ሳይቆም ኤዲንብራ ገባ። ጉዞው ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንድ አንዳጅ ያን ያህል ሰዓት አካፋ ሊይዝ አይችልም፤ ይሰበራል። ግሬዝሊ መፍትሔ አገኘ። ከሰል በሚጭነው ተጎታች ጎን ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ አስወጣ። ሁለተኛው ነጂና አንዳጅ በመንገደኛ ፉርጎ ተቀምጠው ሄደው፣ ከግማሽ መንገድ በኋላ በዚያች መተላለፊያ ሾልከው ሥራውን ይረከባሉ፤ የመጀመሪያዎቹ በዚያው ተመልሰው ያርፋሉ። ውሃስ? በሁለቱ ሐዲዶች መሐል በየቦታው ረጃጅም የውሃ ገንዳዎች ተዘርግተው ነበር፤ ባቡሩ እየሮጠ ከሥሩ ማንኪያ መሰል መቅጃ አውርዶ ይጠልቃል። መንገደኛው ይህን አያውቅም፤ ፉርጎ ውስጥ ፀጉር ማስተካከያ ቤት ነበረለት።

በኖቬምበር 30 ቀን 1934 ደግሞ ከሊድስ ወደ ለንደን ሲመለስ፣ ነጂው ዊልያም ስፓርሻት በመቆጣጠሪያው ላይ ሆኖ፣ ከኋላ የተቀጠለው የመለኪያ ፉርጎ በሰዓት 100 ማይል መዘገበ። ወደ 161 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ቀደም በ1904 ሌላ ባቡር ደረሰበት የተባለ ፍጥነት ነበር፤ ማስረጃው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በመሣሪያ ተመዝግቦ በይፋ የተረጋገጠው የመጀመሪያው 100 ማይል የፍላይንግ ስኮትስማን ነው።

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዓመታት ጥቁር ቀለም ተቀብቶ እንደ ሌላው ሁሉ አሳለፈ። በ1947 ታድሶ ከፍ ያለ ግፊት ያለው ቦይለር ተገጠመለት። በ1948 የባቡር ኩባንያዎቹ በሙሉ የመንግሥት ሲሆኑ ቁጥሩ 60103 ሆነ። በ1955 መንግሥት እንፋሎትን ትቶ ወደ ናፍጣና ወደ ኤሌክትሪክ ለመሄድ ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ ስሕተት ነበር ማለት አልችልም፤ የአንዳጁን ወገብ ያየ ሰው ይህን አይልም። ችግሩ ሌላ ነው። ለታሪክ የሚቀመጡ ባቡሮች ዝርዝር ሲዘጋጅ ፍላይንግ ስኮትስማን ሳይካተት ቀረ። ከ2 ሚሊዮን ማይል በላይ ያገለገለ ባቡር ጃንዋሪ 14 ቀን 1963 ከለንደን የመጨረሻ የአገልግሎት ጉዞውን አደረገ። ቀጥሎ የሚጠብቀው መቆራረጥ ነበር። ወዳጆቹ ተሰባስበው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ፣ በ3,000 ፓውንድ፣ ሊገዙት ሞከሩ። ገንዘቡ አልሞላላቸውም።

ክቡራትና ክቡራን፣ በዌምብሌይ የነበረው የአራት ዓመት ልጅ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ስሙ አለን ፔግለር ነው። አድጎ የቤተሰቡን የጎማ ፋብሪካ የመራ ነጋዴ ሆኗል፤ በዌልስ ተራሮች ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ጠባብ የፌስቲኒዮግ ባቡር መስመርም ቀደም ሲል ከሞት አድኗል። ፔግለር ፍላይንግ ስኮትስማንን በ3,000 ፓውንድ ገዛው። ከዋጋው ይልቅ የሚደነቀው ግን የተዋዋለው ውል ነው። ባቡሩን በመንግሥት ሐዲድ ላይ እንዲያስኬድ ለዓመታት የሚፈቅድለት ውል ነበር። ኦገስት 1968 የእንፋሎት ባቡር ከዋናው መስመር ሲታገድ፣ በዚያ ውል ጉልበት ፍላይንግ ስኮትስማን ብቻ መሮጡን ቀጠለ።

መሮጡ ግን ቀላል አልነበረም። በሐዲድ መሐል የነበሩት የውሃ ገንዳዎች እየተነሡ፣ በየጣቢያው የነበሩ የውሃ ቧንቧዎች እየተነቀሉ ነበር። ባቡር ማለት ብረቱ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ውሃ የሚያጠጣው፣ ከሰል የሚጭነው፣ የሚያጥበው፣ የሚያዞረው አንድ ሙሉ አገር ከኋላው ነበረው። አገሩ ሲፈርስ ፔግለር ሁለተኛ ተጎታች ገዝቶ በውሃ ሞላውና ከባቡሩ ጋር አያያዘው። በዚያ መላ ሜይ 1 ቀን 1968፣ ልክ በአርባ ዓመቱ፣ ከለንደን ኤዲንብራ ያለ ዕረፍት የተጓዘውን ጉዞ ደገመው።

ቀጥሎ አሜሪካ መጣ። በ1969 ባቡሩ በመርከብ ተጭኖ አትላንቲክን ተሻገረ። የብሪታንያን ምርት የሚያስተዋውቁ ፉርጎዎች ተቀጥለውለት ከቦስተን ተነሥቶ ወደ ደቡብ ወረደ። የአሜሪካ ሕግ ስለሚያዝ ደወል፣ ትልቅ የፊት መብራትና ከፊቱ ከብት የሚጠርግ ብረት ተገጠመለት። ሕዝቡ በየጣቢያው ወጥቶ ተቀበለው። ገንዘብ ግን አልተከተለም። አንዳንድ ግዛቶች የእንፋሎት ባቡር እሳት ያስነሣል ብለው ይከለክሉ ነበር። በለንደን መንግሥት ሲለወጥ ድጋፉ ተቋረጠ። ፔግለር ግን አላቆመም፤ በራሱ ገንዘብ ቀጠለ፤ ቶሮንቶ ደረሰ፤ ከዚያም አህጉሩን አቋርጦ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። እዚያ ሲደርስ 132,000 ፓውንድ ዕዳ ተሸክሟል። በ1972 መክሰሩ ታወጀ። ባቡሩ አበዳሪዎች እንዳይወስዱት በካሊፎርኒያ በአንድ የጦር ሠራዊት መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። ፔግለር ወደ አገሩ የተመለሰው በመርከብ ላይ ለመንገደኞች ንግግር እያደረገ፣ በዚያ ሥራ መሳፈሪያውን እየከፈለ ነው።

ስለዚህ ሰው ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ፣ ሀብታም በመጫወቻው ከሰረ ይላል። እኔ ይህን አልቀበልም። በ1963 ያን ገንዘብ ያወጣ ሌላ ማንም አልነበረም። አሜሪካ መሄዱ ስሌቱ የተሳሳተ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ባቡሩን የገዛው ሸራ አልብሶ ሊያስቀምጠው አልነበረም። ሰው እንዲያየው፣ እንዲሳፈርበት፣ ድምፁን እንዲሰማ ነው። ባያስኬደው ኖሮ ባልከሰረ ነበር፤ ባያስኬደው ኖሮ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያድነውም ባልተገኘ ነበር።

ያዳነው ዊልያም ማክአልፓይን ነው፤ ከታወቀ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ቤተሰብ። በ1973 መጀመሪያ በ25,000 ፓውንድ ገዛው፤ በመርከብ ጭኖ በፓናማ ቦይ በኩል አመጣው። ባቡሩ ሊቨርፑል ወደብ ላይ ሲወርድ እሳቱ ተለኩሶ በራሱ ጉልበት ወደ ደርቢ ተጓዘ። የማክአልፓይን ዘመን ለባቡሩ የዕረፍት ዘመን ነበር፤ ሃያ ዓመት ያህል በሥርዓት ተጠገነ፣ በሥርዓት ሮጠ።

በዚያው ዘመን አውስትራሊያ የሁለት መቶኛ ዓመት በዓሏን ስታከብር ተጋበዘና በ1988 ሄደ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ 45,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ። ኦገስት 8 ቀን 1989 ከፓርክስ እስከ ብሮክን ሂል 679 ኪሎ ሜትር ሳይቆም ሄዶ፣ የእንፋሎት ባቡር ያለ ዕረፍት የተጓዘውን የረጅም መንገድ ክብረ ወሰን ያዘ። የተሠራ በ66 ዓመቱ፣ ከተወለደበት አገር በዓለም ማዶ! በፐርዝ ከተማም አንድ የቆየ ጎረቤት አገኘ። ያ የ1925 ተወዳዳሪ፣ በዌምብሌይም አጠገቡ ቆሞ የነበረው ፔንደኒስ ካስል፣ ለአንድ የማዕድን ኩባንያ ተሸጦ አውስትራሊያ ውስጥ ይኖር ነበር። ሁለቱ ከ64 ዓመት በኋላ እንደገና ተገናኙ።

በ1996 ቶኒ ማርቺንግተን የተባለ ባለሀብት በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ ለጥገናም አንድ ሚሊዮን ያህል አወጣ። ባቡሩን የሚያስተዳድር የአክሲዮን ኩባንያም አቋቋመ። በ2003 እሱም ከሰረ። ሁለተኛው መሆኑ ነው። ያኔ ወሬው ባቡሩ ወደ ውጭ አገር ሊሸጥ ነው የሚል ሆነ፤ እንግሊዞች የተነሡትም ያን ጊዜ ነው። በዮርክ ያለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም መዋጮ ከፈተ። ተራው ሰው ከኪሱ ሰጠ፤ ባለሀብቱ ሪቻርድ ብራንሰን ሕዝቡ ባዋጣው ልክ ጨመረ፤ የብሔራዊ ቅርስ መታሰቢያ ፈንድ ደግሞ 1.8 ሚሊዮን ፓውንድ አስገባ። ኤፕሪል 2004 ባቡሩ በ2.3 ሚሊዮን ፓውንድ የሕዝብ ሆነ። አርባ ዓመት ቀደም ብሎ በ3,000 ፓውንድ ሊገኝ ይችል የነበረ ነገር ነው።

ከዚያ የመጣው ጥገና እጅግ አድካሚ ነበር። በ2006 ተጀምሮ ያለቀው በ2016 ነው፤ 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። ሲፈታ አጽሙ ላይ ያልተጠበቀ ስንጥቅ ተገኘ፤ አንዱ ሲጠገን ሌላው ይወጣ ነበር። ብዙ ትችት ተሰነዘረ። ግን አስቡት፤ የቦይለር ብረት በግፊት፣ በሙቀትና በዝገት ይበላል። የፈላ ውሃና የታመቀ እንፋሎት የያዘ በርሜል ቢፈነዳ አጠገቡ ያለ አይተርፍም። ስለዚህ በብሪታንያ በዋናው መስመር የሚሮጥ የእንፋሎት ባቡር ቦይለሩ በየተወሰኑ ዓመታት ተፈትቶ መመርመር አለበት። ይህን የሚያውቁ እጆች ደግሞ ዛሬ ጥቂት ናቸው። ሪቬት መምታት፣ የመዳብ የእሳት ክፍል ማበጀት፣ ቱቦ መትከል በትምህርት ቤት ተሟልቶ የሚገኝ ሙያ አይደለም፤ አዛውንቱ ለወጣቱ በሥራ ላይ ያሳየዋል።

ይህን ያነሣሁት አንድ ጥያቄ ስለሚያስከትል ነው። ቦይለሩ ተለውጧል፤ እንዲያውም ገና በአገልግሎት ዘመኑ ዶንካስተር ሲገባ የእህት ባቡሮቹን ቦይለር ይገጥሙለት ነበር። ሲሊንደሮቹ ታድሰዋል፤ አጽሙ ተቀጥሏል። ታዲያ ይህ የ1923ቱ ባቡር ነው ወይ? ሊቃውንቱ በዚህ ይሟገታሉ። የእኔ መልስ አዎ ነው። በ1930ዎቹም ያው ነበር፤ ባቡር ሲሠራ ጀምሮ የሚለዋወጥ አካል ይዞ ነው የተወለደው። ያልተለወጠው እሳቱን ማልበስ፣ ውሃውን መጠበቅ፣ መቆጣጠሪያውን በልክ መክፈት ነው። ቆሞ የሚታይ ባቡር ብረቱን ያቆያል፤ የሚሮጥ ባቡር ግን ሙያውንም ያቆያል። ለዚህም ነው ያን ሁሉ ገንዘብ አስቀምጠው ከማሳየት ይልቅ ለማስኬድ ማውጣታቸውን ትክክል ነው የምለው።

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2016 ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ዮርክ ተጓዘ። በየሜዳው፣ በየድልድዩ ሕዝብ ተሰልፎ ነበር። አንዳንዶች ሐዲዱ ላይ ስለወጡ ባቡሩ ለመቆም ተገደደ። ይህ አደገኛ ነገር ነው፤ መደረግ አልነበረበትም። አለን ፔግለር ይህን አላየም፤ በ2012 በ91 ዓመቱ አርፏል።

ይህ ባቡር ዛሬ የብሔራዊው ሙዚየም ንብረት ነው፤ አንድ ሰው ስለከሰረ ሊጠፋ አይችልም። ከመጀመሪያውም እንዲህ መሆን ነበረበት፤ ሁለት ሰዎች ከመክሰራቸው በፊት። ከመካከላችሁ እንግሊዝ አገር ዘመድ ያላችሁ ወይም ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ዮርክ ከለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ የሙዚየሙም መግቢያ ነጻ ነው። ማላርድም እዚያው አለ። ፍላይንግ ስኮትስማን ግን ለጉዞ ስለሚወጣ ከመሄዳችሁ በፊት መኖሩን ጠይቁ፤ ከተቻላችሁም ቆሞ ሳይሆን ሲሄድ እዩት።